የሰማ ላልሰማ

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሹመት ነበረኝ። የክፍል አለቃ ማለቴ አይደለም። አለቃው ሌላ ልጅ ነው፤ ጠመኔ የሚያመጣ፣ ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ ኩራቱ ደግሞ አይጣል ነው። የእኔ ሹመት ከእሱ ይበልጥ ነበር። እኔ አስተጋቢ ነበርኩ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን አባቴ ነው። በእሱ ክፍለ ጊዜ የሚመልስ ተማሪ መጀመሪያ ይነሳል፤ እጁን ከአፉ ላይ ያወርዳል፤ ፊቱን ወደ መምህሩ ቀጥ አድርጎ ይመልሳል። ቀጥሎ እኔ ከፊተኛው ዴስክ ብድግ እልና የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ጮክ ብዬ፣ አባቴን ዓይን ዓይኑን እያየሁ እደግመዋለሁ። "ትክክል" ወይም "እስቲ ሌላ ሰው" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ተቀምጦ የተናገረ፣ አንገቱን ደፍቶ ያጉተመተመ፣ ከጀርባ "ቲቸር፣ ቲቸር" ያለ ልጅ መልስ አያገኝም። አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። የሌሎቹ መምህራን ኩርኩም ያላመጣውን ሥርዓት የአባቴ ዝምታ አመጣው፤ በትምህርት ቤቱ እንደኛ ጸጥ ያለ ክፍል አልነበረም።

የሾመኝ ቀን ሁለቱን ትከሻዬን ይዞ ወደ ልጆቹ አዞረኝና፣ ቃል ሁለቴ ካልተባለ ልብ ውስጥ አይገባም፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህቺ ልጅ የሰማችውን ላልሰማ ታሰማለች አለ። ክፍሉ ሳቀ። እንደ ድሮ አዋጅ ነጋሪ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ደስታዬ ግን የማይሳቅበት ደስታ ነበር። ከኋላዬ የሚቀመጥ፣ አፉ ስለማያርፍ ሬዲዮ ያልነው ልጅ፣ "አባቷ ስለሆነ እኮ ነው" ብሎ አንሾካሾከ። ቅናት ነው ብዬ ተውኩት። የተመረጥኩት አነጋገሬ ስለሚያምር ነው ብዬ አምኜ ነበርና ቤት ስገባ መስታወት ፊት ቆሜ አፌን ሳጣምም እውል ነበር።

ሬዲዮ ልክ ነበር። የተመረጥኩት አባቴ ስለሆነ ነው። አባቴ አይሰማም ነበር።

ዛሬ ይህን በሁለት ቃል እጽፈዋለሁ። ያኔ ግን ከእናቴ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አምስተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት አባቴ በጽኑ ትኩሳት ተኝቶ ነበር። ሲነሳ ከስቶ፣ ሳቁ አንሶ ተነሳ፤ እኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ሐኪሙ የጆሮው ነርቭ ክፉኛ እንደተጎዳ፣ መሣሪያ ቢያደርግም እንደማይጠቅመው ነግሮት ነበር። አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ረጋ ብሎ ካወራው ከንፈሩን እያየ ይከተላል። ክፍል ሙሉ ልጅ በባዕድ ቋንቋ ሲንተባተብ ግን ከንፈር ማየት አይበቃም። የእኔን አፍ ግን ጥርስ ሳላበቅል ጀምሮ ያውቀዋል። የማይሰማ መምህር ክፍል አይገባም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አባቴ ደግሞ ከማስተማር ሌላ ምንም አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ስለዚህ ዓመቱን በእኔ አፍ ሊገፋው ቆረጠ። ደወል ሲደወል ደብተሬን አጥፌ ቀድሜ እንድቆም ያዘዘኝም ለዚህ ነው። እኔ ይህንንም ከሹመቴ ቆጥሬው ነበር።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር ግን ሌላ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ሥሩ ባዶ ስለሆነ ድመት ብትሮጥበት እንኳን ይጮሃል። እናቴ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በፊት እያንጎራጎረች ነበር የምትሰፋው። በዚያ ዓመት ማንጎራጎሯን ተወችና ጠባይዋ ተለወጠ፤ ለእኔ የመሰለኝ እንዲህ ነው። አባቴ አርፎ ሲያነብ እግሯን አንስታ ወለሉን ትደበድባለች። ሌላ ጊዜ በሩ አጠገብ ትቆምና አምፖሉን ታጠፋለች፣ ታበራለች፣ ታጠፋለች። ሰው እያነበበ! አባቴ ግን አይቆጣም። ቀና ይልና ያያታል። እኔ ብሆን እቆጣ ነበር።

ከሁሉ የከፋው አለማናገሯ ነው። እሱ እዚያው ተቀምጦ፣ እሷ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ "ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው" ትለኛለች። ቁልፉን የት እንዳደረገ እንድጠይቅላት ታዘኛለች። አባቴ ግን በቀጥታ ነው የሚያናግራት። እመቤት እያለ ነው የሚጠራት፤ "እመቤት፣ እስቲ ውሃ" ይላታል፣ ትሰጠዋለች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ። የልጅ ሒሳቤ ቀላል ነበር። የሚያናግረው አባቴ ነው፣ የማታናግረው እናቴ ናት፤ እንግዲያው ያኮረፈችው እናቴ ናት። ምን እንዳስኮረፋት አላውቅም። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ግን አልተጠራጠርኩም።

በዕድሜዬ ልክ ሽማግሌ ሆኜ ላስታርቃቸው ሞከርኩ። "ምሳ ቀርቧል በይው" ስትለኝ፣ "ምሳ ቀርቧል፣ ሳይቀዘቅዝ ና የኔ ጌታ ትላለች" እያልኩ አደርስ ጀመር። አባቴ ወደ እሷ አይቶ ፈገግ ይላል። እናቴ ምን እንዳሳቀው ግራ ይገባትና ምን እንዳልኩት ትጠይቀኛለች። ያልሽኝን ነዋ፣ እላታለሁ። ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል የማላጎድል ልጅ ቤት ስገባ እንደዚህ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ደክሜ ግን ኩርፊያው አልበረደም።

አንድ ቀን ከጨዋታ ስመለስ የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቶ የእናቴ ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማል። "እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንዘልቀው? እኔ ደከመኝ!" ትላለች። የአባቴ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ የታመመ ሰው እንደሚያባብል ያለ ድምፅ ነው። ትጮህበታለች፣ እሱ ይታገሣታል። ጥላን ልትሄድ ነው ብዬ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ልቤ በእናቴ ላይ ሻከረ። እራት ሲቀርብ ከእሷ አጠገብ ያለውን የዘወትር ወንበሬን ትቼ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። "ምነው?" አለችኝ። እዚህ ይሻለኛል አልኳት። ትንሽ አየችኝና ሳህኔን ወደዚያ ገፋ አደረገችልኝ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ወንበር አልተመለስኩም።

ለማይሰማ ሰው የሚነገር ነገር ሁሉ ጩኸት ይሆናል። ወለሉን የምትደበድበው ንዝረቱ በእግሩ ደርሶት ቀና እንዲልላት ነው። አምፖሉም እንደዚያው ነው። በይው በይውም ከስፌቷ ቀና ሳትል ቃሏ በእኔ አፍ እንዲደርሰው ነው። የእሱ ድምፅ ዝቅ ያለው ራሱን ስለማይሰማ ነው። በተዘጋው በር ውስጥ የምትለምነው ደግሞ እውነቱን ለዳይሬክተሩ በገዛ አፉ እንዲነግር ነበር፤ ራሱ ቢናገር በክብር ሌላ ሥራ ይሰጡታል፣ በልጆች ፊት ሳይዋረድ ይወጣል ነበር ነገሯ። እሱ ይህችን ዓመት ብቻ ልጨርስ ይላታል። የምሰማበት አፍ አለኝ ይላታል፤ እኔን ማለቱ ነው።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ሱፐርቫይዘር እንደሚመጣ ተነገረ። ዋዜማውን እኔና አባቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የነገውን ትምህርት አጠናን። እናቴ ከወዲያ ሸሚዙን ትተኩሳለች። የነገው ትምህርት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚያነጻጽር ነበር፤ ሂር እና ሊስን። አባቴ ይህን ትምህርት ይወደዋል። በየዓመቱ ሲያስተምረው አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ዓይኑ ይበራል።

ሂር ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው አለኝ፤ በር ቢዘጋበትም ይገባል፤ ዝናቡ፣ ደወሉ፣ የጎረቤት ጠብ። ሊስን ግን አንቺ ራስሽ ተነስተሽ የምትሄጂው ነው። ስለዚህ ሊስን ያለ ድልድይ አይሻገርም፤ ድልድዩ ቱ ይባላል። ሊስን ቱ ሚ፣ ሊስን ቱ ዘ ሬይን። ሂር ድልድይ አይፈልግም፤ ሂር ሚ ብሎ ያበቃል። ደግሞ እያዳመጥኩ ነው ማለት ትችያለሽ፣ አይ አም ሊስኒንግ። አይ አም ሂሪንግ ግን ለጆሮ ይሻክራል። ማዳመጥ ሥራ ነው፣ ትጀምሪዋለሽ፣ ትተይዋለሽ። መስማት ግን ሥራ አይደለም፣ ስጦታ ነው። ስለዚህ አይ ካን ሂር ነው የሚባለው፤ መስማት እችላለሁ።

 "ካልቻልሽ ካንት ትያለሽ" አለና ገጹን ገለጠ።

እናቴ ካውያውን አቁማ ታየን ነበር። "ልጅቷ ላይ ይህን ሁሉ አትጫንባት" አለች። አባቴ መጽሐፉ ላይ አቀርቅሯል፤ አልመለሰላትም። እኔም ንገሪው ስላላለችኝ አልነገርኩትም። ካውያዋን መልሳ አነሳች። እሰይ ዝም አላት አልኩ በሆዴ።

ሱፐርቫይዘሩ መነጽር ያደረገ፣ ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው ነው። መጨረሻው ዴስክ ላይ ጉልበቱ አልገባ ብሎት በጎን ተቀመጠ። መጀመሪያ ሁሉም አማረ። አባቴ ዓይናችንን ጨፍነን እንድናዳምጥ፣ ከዚያ የሰማነውን እየተነሳን በእንግሊዝኛ እንድንናገር አዘዘን። ጨፈንን። ከመንገዱ ማዶ የእንጨት ቤቱ መጋዝ ይጮሃል፤ የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል፤ ጣሪያው ላይ ወፎች ይንጫጫሉ። እኔ በአንድ ዓይኔ አጭበርብሬ አባቴን አየሁት። ክፍሉ ሁሉ ጨፍኖ ሲያዳምጥ እሱ ጠመኔውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ያንን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ እያየ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ያኔ ኩራት መሰለኝ።

ልጆቹ መጋዝ አሉ፣ ወፍ አሉ፣ እኔም አስተጋባሁ፤ አባቴ ትክክል፣ ትክክል አለ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ቃላቱን ጎን ለጎን መጻፍ ጀመረ።

"መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ" አለ ሱፐርቫይዘሩ፣ እንደተቀመጠ።

አባቴ ይጽፋል። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አባቴ ሊስን ጎን ቱ እየጻፈ ነው። እኛ ተማሪዎቹ ተያየን። እኔ የማስተጋባው የተማሪ መልስ ነው፤ የትልቅ ሰው ጥያቄ ጣልቃ ገብቼ አልደግምም። ደግሞ ሰውየው ተቀምጧል! ሥርዓቱን የማያውቅ ልጅ በክፍሉ ውስጥ የለም፤ ተቀምጦ የጠየቀ መልስ አያገኝም። ለሱፐርቫይዘርም ቢሆን አያዳላም ብዬ ሰውነቴ ሁሉ ሞቀ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ክፍሉ በሙሉ በመምህሩ ኮርቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሬዲዮ ደግሞ ሰው መርዳት ይወዳልና ብድግ ብሎ ዞረ።

"ጋሼ፣ ተቀምጠው ከጠየቁ እኮ አይመልስልዎትም። ይነሱና ፊት ለፊት ያናግሩት።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አባቴ ዞሮ ልጆቹ ሲስቁ አየ፤ እሱም ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ሰውየውን ያስቆጣችው። ተነሳና ወረቀቱን እያየ፣ አፉን ወደ ደረቱ ቀብሮ አንድ ነገር ጠየቀ። አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። ይህን ጊዜ ልማድ ነው መሰለኝ ተነስቼ ልደግመው አፌን ከፈትኩ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"አስተጋቢ ነኝ" አልኩት።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ውጪ እንድጠብቅ በእጁ በሩን አሳየኝ። ወጣሁ። የአባቴ ዓይን እስከ በሩ ድረስ ተከተለኝ።

መስኮቱ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ሰውየው በዚህ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት እንዳስተማረ ይጠይቃል። የአባቴ ድምፅ፣ አዎ፣ ሊስን ሁልጊዜ ቱ ይፈልጋል ብሎ ይመልሳል። ልጆቹ ይስቃሉ። እሱን አይደለም የጠየቅኩት ይላል ሰውየው። ልክ ነዎት ይላል አባቴ። እኔ አፌን በሁለት እጄ ይዤ በሳቅ ልሞት ሆነ። እያሾፈበት ነው! ከክፍል አስወጥቶኝ አባቴ ብድሬን እየመለሰልኝ ነው። ሰውየው ቀጥሎ ረጋ ባለ ድምፅ፣ "ይሰሙኛል?" አለ።  ከዚያ አባቴ፣ "ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ ጥረታቸውም ጥሩ ነው" አለ።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቁ አልገባኝም፤ ከሁሉ ያሳቀኝ እሱ ነበር።

ወዲያው ደወል ተደወለ። የሌሎቹ ክፍሎች በሮች ተበረገዱ፣ ግቢው በልጅ ተሞላ። ከእኛ ክፍል ግን አንድም ልጅ አልወጣም። ደብተሯን አጥፋ የምትቆመው ልጅ ውጪ ናት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የአባቴ ድምፅ ብቻ በመስኮቱ ይወጣል፤ ስለ ሂር እያስረዳ ነበር።

በመጨረሻ ሲወጡ ሬዲዮ በአጠገቤ አለፈ። አላወራም። መሬት መሬት እያየ አለፈ።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ እናቴን ጠየቅኳት። አባቴ ገና ዳይሬክተሩ ቢሮ ነበር። "እማዬ፣ አባዬ ሰውየውን ሰምቶት ነው ዝም ያለው?"

የስፌት መኪናዋ ቆመች። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣች፣ አጠፈችው፣ ደግማ ዘረጋችው።

"ሰምቶት ነው" አለች።

"ታዲያ ለምን አልመለሰለትም?"

"አባትሽ ለማንም አያጎበድድም።"

ደነቀኝ። አኩርፋው እንኳን እውነቱን መሰከረችለት አልኩ። ወደ ወንበሬ ግን አልተመለስኩም።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አባቴ ከክፍል ወጥቶ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ተመደበ። የተቀዳደዱ መጻሕፍት ይጠግናል፣ ኳስ ያስረክባል፣ ይረከባል። በእረፍት ሰዓት እሱ ጋ እሄዳለሁ። ክፍሏ ሙጫና አሮጌ ወረቀት ትሸታለች፤ ከፍ ብላ አንዲት መስኮት አለቻት። ከመስኮቷ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳገኘው ለእውነት ሲል የታሰረ ሰው አድርጌ ነበር የማየው። ዛሬ እንግሊዝኛ ምን ተማራችሁ ይለኛል። ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን እየከፈትኩ፣ ሁሉን እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ አዲሱ መምህር የዘለለውን እየጨመረ ያስረዳኛል። የደወሉ ሰዓት ሲደርስ፣ "ሂጂ፣ ልጄ፣ ደወሉን አዳምጪ" ይለኛል። ቅስሙ የተሰበረ ሰው መሆኑን አላየሁም። ኩሩ ነበር ለእኔ።

አዲሱ መምህር ወጣት ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ መለሰ፤ እኔም ከልማዴ ብድግ ብዬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት። መምህሩ ግራ ገብቶት አየኝ። "ሰምቼዋለሁ፤ ተቀመጪ" አለኝ። ክፍሉ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ዴስኩን ያያል። ተቀመጥኩ። ሹመቴ እንዲህ ተሻረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አባቴና እናቴ የጆሮውን ነገር ቀስ እያሉ አስለመዱኝ። ዘንድሮ ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል፣ አቧራው ሳይሆን አይቀርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትንሽ ባሰበት። እኔም አመንኩ። የኩርፊያውን ግን ምንም አላሉኝም፤ ኩርፊያ መኖሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና።

አድጌ ሥራ የያዝኩት የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ አስነግራለሁ። ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለቴ ነው የምለው፣ መመሪያው እንደዚያ ነው። አንድ ቀን አንድ ሹፌር በመስኮቴ ብቅ ብሎ፣ "አሁንም ታስተጋቢያለሽ?" አለኝ። መላጣ ሆኗል፤ አፉ ግን ያው ነው። ሬዲዮ ነበር። ተሳሳቅን፣ የድሮውን አነሳን። እኔም የአባቴን ጀግንነት፣ ያን ሱፐርቫይዘር እንዴት እንዳሾፈበት አነሳሁ። ለባልደረቦቼ ስንት ጊዜ ያወራሁት ነገር ነው። ሬዲዮ ሳቁን ተወ።

"እስከ ዛሬ አልነገሩሽም ማለት ነው" አለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ውጪ ሆኜ ስስቅ ክፍሉ በሙሉ ውስጥ ሆኖ አውቆት ነበር። በማግስቱ እናቴ ሰፍታ ያልጨረሰችውን ዩኒፎርም ክንዷ ላይ እንደያዘች የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ የክፍላችንን ልጆች አንድ በአንድ ለምናቸዋለች። ለእሷ እንዳትነግሯት፣ አባቷን ቀና ብላ ነው የምታየው፣ ተዉላት ብላቸዋለች። ሬዲዮ ይህን ሲነግረኝ መሪውን እንደያዘ ሰው እጁን መስኮቴ ላይ አጥብቆ ይዞ ነበር። "በዕድሜዬ የጠበቅሁት ምስጢር እሱን ብቻ ነው" አለኝ። አውቶቡሱ የሚነሳበት ሰዓት ደርሶ ሄደ። እኔ የእሱን መነሻ ማስነገር አቅቶኝ ሌላ ሰው ተካኝ።

በዚያው ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እምቢ ብሏት ስትታገል ደረስኩ። ክሩን ተቀብዬ እያስገባሁላት ጠየቅኳት። አልካደችም። "ሆድ ይፍጀው ብለን ነው" አለች። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ኀዘኑ ፊቴ ላይ ይታያል፣ ልጆቹ በአንድ ቀን ያውቁበታል፤ በኋላ ደግሞ ልንገራት ሲሉ ጊዜው አለፈ።

"ኩርፊያውስ?" አልኳት። "ያን ጊዜ በምን ነበር የተኳረፋችሁት?"

"የምን ኩርፊያ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ወለሉን፣ አምፖሉን፣ በይው በይውን፣ የኔ ጌታ እያልኩ የጨመርኩትን፣ የተዘጋውን በር። መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። "እኔን! ለካ አስታራቂ ነበርሽ" እያለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንባዋ ከመጣ በኋላ ሳቋ ቆመ፣ እንባው ግን አልቆመም።

"ስለዚህ ነው አጠገቤ መቀመጥ የተውሽው?" አለችኝ።

ክር ያስገባሁበትን መርፌ አቀበልኳት።

"እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር" አለች። "ልጅ አንዳንዴ ወደ አንዱ ያደላል ይባላል፤ የአባቷ ልጅ ናት ብዬ ተውኩት።"

ያንን ሁሉ ዓመት። ልጆቹን ደጅ ቆማ ስትለምን፣ ለማንም አያጎበድድም ስትለኝ፣ በእኔ ልብ ውስጥ አባቴን ስትሠራ፣ እሷ ጠረጴዛው ማዶ ለብቻዋ ነበር የምትበላው።  የሚመለስ ነገር ቢሆን በጉልበቴ ሄጄ እመልሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስታራቂዋ እያለች ነው የምትጠራኝ። ብዙም አልጠራችኝም። ታመመች፣ ተነሳች፣ እንደገና ታመመች፤ በሁለተኛው አልተነሳችም።

ድምፅዋ ከሁሉ ነገሯ ቀድሞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ጨርቅ የለበሰው የስፌት መኪናዋ ላይ አርፏል። አባቴ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ ከንፈሯን ያያል። በዚያ ሁሉ ዓመት በአንድ እይታ የሚያነበው ከንፈር ደርቆ፣ ሲንቀሳቀስ አይታይም። አንድ ነገር አለችው። አልያዘውም። ደገመችው። ፊቱን ወደ እኔ መለሰ፤ የዕቃ ክፍሉ ሰው አልነበረም፣ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ቆሞ ዓይኑ እስከ በሩ የተከተለኝ ሰው ነበር።

እናቴም ወደ እኔ ዞረች። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"አስታራቂዋ" አለችኝ። "ታርቀናል በይው።"

ተነስቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እጄን ከአፌ ላይ አወረድኩ። አባቴን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ጮክ ብዬ፣ "ታርቀናል ትላለች" አልኩት።

አባቴ ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። እኔ ምን አስቤ እንዳደግሁ አንድም ቀን አልነገርነውም ነበር። እጇን አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው።

"መቼ ተጣላንና፣ እመቤት?" አላት፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ።

ወደ እናቴ ዞሬ ጎንበስ አልኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ልደግምላት ነበር።

"ሰምቼዋለሁ" አለች እናቴ። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከጎኗ፣ በጣቷ ጨርቁን ነካ ነካ አደረገች። "አንቺ ነይ ተቀመጪ።"